የሁሉ አወቅ ዱቄት

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ባል ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ትንቀዋለች። ሰፈሩ «ሁሉ አወቅ» ይለዋል፤ ስድብ መሆኑ እንኳ አልገባውም። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያላከመው በሽታ፣ ያልሰጠው ፍርድ የለም።

ጡቷ ላይ እብጠት ተገኝቶ ሐኪሟ «ካንሰር ነው፤ ይሄኛው ዓይነት ቶሎ የሚዛመት ነው፤ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና» ስትላት፣ ሰውየው ሳይጠራ ከተፍ አለ። መድኃኒቱ ራሱ እንደሚገድል፣ እሱ ያመጣውን የደረቀ ቅጠል ዱቄት ግን በማር በጥብጣ ብትወስድ በአርባ ቀን እንደምትድን አስረዳት። ብልቃጡን ተቀበለች፤ አመሰገነች፤ ከዚያ ዓይኑ እያየ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። እህቷ አለቀሰች።

በየሦስት ሳምንቱ፣ በክንዷ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ስድስት ዙር ወሰደች። ፀጉሯ ረገፈ፣ ጥፍሯ ጠቆረ። የጣቶቿ ጫፍ ከመደንዘዙ የተነሣ መርፌ እንደወጋት የምታውቀው ጨርቁ ላይ ደም ስታይ ነበር። ሁሉ አወቅ ይህን ሰምቶ «አላልኳችሁም?» እያለ ቤት ለቤት ዞረ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ተቆርጦ ከወጣው ሥጋ ውስጥ አንድም በሕይወት ያለ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም። ሐኪሟ ደስታዋን ባትደብቅም፣ ይህ መልካም ምልክት እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክትትሉን እንዳታቋርጥ ነገረቻት። ሰውየው ደግሞ፣ ተደብቃ ዱቄቱን ስለወሰደች ነው የዳነችው ብሎ አስወራ።

ያ ወሬ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ጆሮ ደረሰ። እሷም ያው በሽታ ይዟት ከስድስቱ ዙር ሁለተኛውን ጨርሳ ነበር። ማስመለሱ አንገፍግፏት ስለነበር መድኃኒቱን ትታ ዱቄቱን ያዘች። ከወራት በኋላ ወደ ሐኪም ስትመለስ ካንሰሩ ሳንባዋ ገብቷል።

በዳቦ ጋጋሪዋ ለቅሶ ላይ ሁሉ አወቅ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተሰይሞ፣ «ቀን ከጎደለባት ምን ይደረጋል» አለ። ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ጋሼ፣ የጎደላት ቀን አይደለም፤ አራት ዙር ነው። ያስጣሏትም እርስዎ ነዎት፤ ዱቄቱን እኔ እንደደፋሁት እያወቁ።»

እሷ በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን ስታደርግ፣ ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ደም ግፊት ማስረዳት ጀምሮ ነበር። አድማጭም አላጣ።