ፊቴን የሚመታኝ ማዕበል

መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለኝ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁን ዘግቼ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ እተኛለሁ። ሕልሜ ሁሌ አንድ ነው፤ ሰማያዊና ጸጥ ያለ ባሕር ውስጥ ቀስ ብዬ እሰምጣለሁ፣ ከዚያ ማዕበል ፊቴን ሲመታኝ ብቅ እላለሁ። ስነቃ ፊቴ በላብ ርሷል።

ባለፈው ሐኪም ጉበቴ ላይ ስብ አየና፣ «ስትተኛ ትንፋሽህ ይቋረጣል እንዴ? ኦክስጅን ሲያንሰው ጉበት ስቡን ማቃጠል ትቶ ያጠራቅመዋል» አለኝ።

እንዲህ ከስቼ? የኔን እንቅልፍ ያየ እኮ ይቀናል!

ለጎረቤቴ ለባለሱቋ ፋጡማ ሐኪሙ ያለኝንም ሕልሜንም እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አቦ፣ ያ ላብ አይደለም» አለችኝ። «ትንፋሽህ ጥፍት ሲልብኝ፣ ጂን ያነቀህ መስሎኝ፣ ቁርአን የተቀራበት ውሃ የምረጭብህ እኔ ነኝ፣ ወላሂ!»