ከበሮውን የሚያስቆመው ግድግዳ

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የቁምስናችንን አጀማመር እንድጽፍ አባ ሲያዙኝ የጠበቁት ስለ ጥምቀቱና ስለ ቁርባኑ ይመስለኛል። እኔ በደንብ የማውቀው ግን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ከሚሴ ላይ ቅዳሴ የጀመርነው በኪራይ ክፍል ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ሙስሊም እናት ይኖሩ ነበር። እማማ እንላቸዋለን። እሑድ ቅዳሴው ረዝሞ አዛን ሲደርስ ግድግዳውን ያንኳኳሉ፤ ከበሮው ይቆማል። አዛኑ ሲያልቅ እንቀጥላለን። ስንወጣ በራቸው ላይ ቆመው፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀሉ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ጣራዬን ይዛችሁት ልትሄዱ ነበር!» ይሉኛል።

እማማ ሲሞቱ ክፍላቸው ተቆለፈ። በቀጣዩ እሑድ አዛን ሲጀምር የሚያንኳኳ አልነበረምና ከበሮው አልቆመም። አላስቻለኝም። ከግድግዳው ሥር ነበር የተቀመጥኩት፤ በክርኔ ሦስት ጊዜ መታሁት። ከበሮው ቆመ። አሮጊቶቹ አማተቡ፤ አንዷ አለቀሱ። እውነቱን መናገር አፈርኩ። በሌላው እሑድም ደገምኩት፤ ከዚያም ልማድ ሆነብኝ።

ሰው እየበዛ ሄደ። ከጨፋ ሮቢት ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ክረምቱ ሲገባ ብዙዎቹ ውጭ ቆመው በጃንጥላ ያስቀድሱ ጀመር። አባ፣ ግድግዳው ፈርሶ የእማማ ክፍል እንዲጨመርልን ወንድ ልጃቸውን፣ የጨርቅ ነጋዴውን፣ ለመኗቸው።

«እናቴ አሁንም ታንኳኳለች ይባላል። እንዴት ላፍርስባት?» አሉ።

ያን ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የማንኳኳው እኔ ነኝ።»

የያዙትን ጨርቅ ማጠፋቸውን አላቋረጡም። «አውቃለሁ። እናቴ ሁለቴ ነበር የምትመታው። አንቺ ሦስቴ ትመቻለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ወላሂ፣ እሑድ እሑድ ግቢው ውስጥ ቆሜ እጠብቅሽ ነበር። አስለመድሽኛ!» ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። «በሉ፣ አፍርሱት።»

ክፍሉ ከሰፋ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ፣ አዛን ሲጀምር ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። አዲሶቹ ምእመናን መዝሙሩን ቀጥለው ነበር። ከበሮ መቺው ግን ቀና ብሎ ግድግዳው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ፤ እጁንም ሰበሰበ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዝም አለ። ጋሼ ከበሩ ውጭ ቆመው ነበር። አዛኑ እስኪያልቅ ሁለቱን ምት ጠበቅኩ። እሳቸውም የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ምቱ አልመጣም። አባ ላዘዙኝ ጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑ ሐምሌ አሥራ ሦስት ነበር።