ለፊዚክስ የተደረገ ዱዓ

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ከፊዚክስ የማውቀው ቀመሩን ብቻ ነበር። ማስ ሲባዛ በግራቪቲ ሲባዛ በከፍታ፤ ይኸን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እወጣዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ጎበዝ ተብዬ ኖርኩ። አባቴ የከብት ደላላ ነው፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ የበሬ ጥርስ ገልጦ እያየ ሳይቀር ስለ እኔ ጉብዝና ያወራል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ታዲያ ከመውደቅ የበለጠ ያስፈራኝ የነበረው ምንም አለማወቄን አባቴ እንዳይደርስበት ነው።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ወዳጃ ጠራ። እኛ አገር ከሚሴ፣ ሰው ሲታመም ወይ ዝናብ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው ይሰበሰቡና ዱዓ ያደርጋሉ። ለፊዚክስ ወዳጃ የተጠራላት የመጀመሪያዋ ልጅ ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ስድስት ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ፤ እኔ ደብተሬን ታቅፌ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሐሳቤ አሚን ብዬ ሹልክ ለማለት ነበር።

ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ ግን በደፈናው አይለምኑም። ለታመመ ሰው እንኳ ቀኝ ጎኑን ይሁን ግራውን ያመመው ሳያጣሩ እጃቸውን አያነሱም።

"ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ የቱ ነው ያስቸገረሽ? ለይተሽ ንገሪን" አሉኝ።

"ሁሉም" ብል አባቴን ማዋረድ ነው። ደብተሬን ከፈትኩና ዓይኔ ያረፈበትን ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። "ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከሃያ ሜትር ገደል ላይ ወደቀ። የነፋሱ ነገር አይታሰብ። መሬት ሊነካ ሲል ጉልበቱ ስንት ነው?"

"ነፋስ የሌለበት ገደል የት አገር ነው ያለው?" አለ አንዱ፣ ጨፋ ላይ ማሽላ የሚያርስ የአባቴ ጓደኛ።

"የለም እንበል ነው የሚሉት።"

"እነማን?"

"መጽሐፉ ነው።"

"እታች ከብት አለ?" አለ ጎረቤታችን። "ከብት ካለማ ምን ያስቆጥራል፣ መጮህ ነው እንጂ!"

ድንጋዩን ማን ገፋው፣ ምን አስነካው እየተባለ ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንዱማ በሬው ገደል የገባበትን ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ተረከልን። በመጨረሻ መሪው እጃቸውን ዘረጉ። "ያ ረቢ! በዚች ልጅ የፈተና ቀን ነፋሱን ያዝልን!" ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። እኔም ሳቄን በሻሼ አፍኜ አሚን አልኩ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሽማግሌው ግን የዘረጉትን እጅ ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ቆይ እስቲ። ድንጋዩ መሬቱን መትቶ ጸጥ ሲል ያ ሁሉ ጉልበት ኤሳ ዸቄ? የት ሄደ?"

ይኼ ቀመሩ ውስጥ የለም። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ፤ ታዲያ የት ይገባል ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የመጣልኝን ብቀባጥር ስድስቱም አሚን ይሉልኝ ነበር። ቀና ስል አባቴ አንገቱን አስግጎ መልሴን ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ያለው ኩራት አሳዘነኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

አባቴ በእጁ የያዘውን ጫት መሬት ላይ አስቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግን ሳቁ፤ "እኔም አላውቅም። አላህ ለሁላችንም ያሳውቀን" ብለው ዱዓውን ዘጉ።

ማግስቱ ረቡዕ፣ የሮቢት ገበያ ቀን ነበር። አባቴ ትኩሳት ይዞት እንኳ ከዚያ ገበያ ቀርቶ አያውቅም። በጠዋት ግን "ተነሽ፣ ደብተርሽን ያዢ" አለኝና የፊዚክስ አስተማሪዬ ቤት ይዞኝ ሄደ። ልጄን ምን ስታስተምር ከረምክ ብሎ ሊጣላልኝ መስሎኝ ወደ ኋላ እየቀረሁ ተከተልኩት። በሩ ሲከፈት አባቴ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

"መምህር፣ ድንጋዩ ሲቆም ጉልበቱ የት ይሄዳል? እንቅልፍ ነሳኝ እኮ!"

አስተማሪው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባቴን አየ። ጓሮ አስገብቶን መዶሻና ምስማር አመጣ፤ ምስማሩን ድንጋይ ላይ አጋድሞ እስኪጠፈጠፍ ቀጠቀጠው። "ይንኩት" አለ። አባቴ ነካውና ጣቱን ሰበሰበ።

"ሱብሃነላህ! ሙቀት ሆነ!" ወደ እኔ ዞረ። "ነይ ንኪው፣ ንኪው!"

ነካሁት። እውነትም ይሞቃል። ስንት ጊዜ የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር እዚያ ጓሮ ውስጥ ገባኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ዕንባዬ መጣ።

"አባ፣ የማላውቀው ሌላም አለ።"

"ስንት ይሆናል?"

"ደብተሩን ሙሉ።"

አባቴ ቆመ። ወደ ሮቢት የሚሄደው የመጨረሻው የገበያ መኪና ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየተጣራ አጠገባችን አለፈ። አባቴ አላስቆመውም። መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ጋቢውን አነጠፈና ተቀመጠ።

"በይ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪልኝ" አለ።