የአላምረው አምባዛ

አያ አላምረው ያን ጠዋት ባልዲውን ትቶ ወደ ካሜራው ለምን ሄደ? ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ሁለት ዓመት ስኖር ሰውየውን በየቀኑ አየው ነበር። መልሱን ግን አላውቅም።

አላምረው በከተማችን ገበያ፣ በአራዳ፣ ፎቶ አንሺ ነበር። ሙያውን የተማረው በጣሊያን ጊዜ ነው። በ፲፱፻፵፰ ዓ.ም. ከከተማው ዳር ከሚፈሰው ከመገጭ ወንዝ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ጣት የሚያህል አምባዛ ይዞ መጣ። የመስኮት መስታወት በብረት አያይዞ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ ገንዳ ሠራለት። ከታች አሸዋና ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገ።

ዓሣው ቀን ቀን ከድንጋዩ ሥር አይወጣም። ሲመሽ ብቻ ወጥቶ እስኪነጋ አሸዋውን በጺሙ እየዳሰሰ ከታች ከታች ይሄዳል። አላምረው በፎቶ ማስቀረት የፈለገው ይህንኑ ነበር። ዱቄት አቀጣጥሎ በብልጭታው ሞከረ፤ መስታወቱ ብርሃኑን መለሰውና ፎቶው ነጭ ሆኖ ወጣ። ዓሣው ሳይደበቅ የምትደርስ የማለዳ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ቢያዝን በር ላይ ቆሞ ይቀልድበታል።

«አያ አላምረው፣ ደንበኛህ ዛሬም አልቀረበም?»

«አልወጣም።»

«ጺሙን ስላልተላጨ አፍሮ ይሆናላ!»

አላምረው አይስቅም። አንድ ቀን ግን ለእኔ፣ «ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ይቀይራል። ይህ እኔን ከቁም ነገር አይቆጥረኝም» አለኝ።

ሚስቱ ወለተ ሚካኤል የካህን ልጅ ናት። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንኳን ሊበላ ቤት ውስጥ መዋሉም ይከብዳታል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የንስሐ አባታቸው መምሬ ገብረ ሚካኤል መጥተው ገንዳውን አዩ።

«ርኩስ ነው ልጄ። ፍልሰታ ሳይገባ ይውጣ። አለዚያ እኔ ጸበል ልረጭ እዚህ ቤት አልገባም።»

«እሺ አባቴ። አንድ ቀን ፀሐይ ላግኝና ወደ ወንዙ እመልሰዋለሁ።»

«ፀሐዩንም እኔ ላምጣልህ እንዴ?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳመናው አልተገለጠም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች አላምረው አልተኛም፤ ካሜራውን ከገንዳው ፊት አቁሞ ንጋቱን ይጠብቅ ነበር። በነጋታው ፍልሰታ ሊገባ፣ ሐምሌ ሠላሳ ማለዳ፣ ሰማዩን ለማየት ወደ ደጅ ወጣ። በዚያች መሐል ወለተ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ባሏ ስለ ዓሣው እንቅልፍ ማጣቱን አይታ ጸበል ይዛ ነበር፤ እምነት የሚባለውን የተባረከ አመድም አንድ እፍኝ አምጥታለች። ሁለቱንም ገንዳው ውስጥ ጨመረችው።

ዳመናው ተገለጠ። አላምረው ሮጦ ሲገባ እኔም ተከተልሁት። ውኃው ግራጫ ሆኗል። አምባዛው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ከፊተኛው መስታወት ተለጥፏል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ጺሙ ተዘርግቷል። ፀሐዩ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ ነው። የዝናብ ውኃ የሞላው ባልዲ ከበሩ ሥር ነበር። አላምረው ባልዲውን አየው። ከዚያ ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ገባ። አስተካከለ፣ የሌንሱን ክዳን አነሣ፣ እስከ አራት ቆጠረ፣ መልሶ ከደነ።

ከዚያ በኋላ ነው እጁን ገንዳው ውስጥ ሰዶ ዓሣውን ወደ ባልዲው ያዛወረው። ዓሣው በጎኑ ተንሳፈፈ።

«ጸበል ከነካው መምሬ አያስወጡትም ብዬ ነው» አለች ወለተ ሚካኤል። «እንዲኖርልዎ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ምነው አይቆጡኝም?»

«ፎቶው ተነሥቷል» አላት።

ጨለማ ክፍል ገብቶ አጠበው። ሸጋ ፎቶ ነበር፤ ጺሞቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቢያዝን አይቶ፣ «በሕይወት ያለ ይመስላል እኮ!» አለ። አላምረው፣ «በሕይወት ነበር» አለውና ፎቶውን ከወረቀቶቹ መሐል አስገባው። ከነልብሱ አልጋው ላይ ወጣ።

ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ ጣራውን ያያል። ከሰዓት በኋላ መምሬ መጡ፤ ባዶውን ገንዳ አይተው ደስ አላቸው፤ ቤቱን ጸበል ረጩ። አላምረው ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፣ እስከ ደጅ ሸኛቸው፣ ተመልሶ ጋደም አለ። ወለተ ሚካኤል ፊቱ ላይ የቀረውን ጸበል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

እንቅልፍ የወሰደው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው።