በሩ ሲከፈት የሚወጣው ማስታወቂያ

ሰፈርተኛው «ሽቦ» ይለዋል፤ በልጅነቱ ያልፈታው ሬዲዮ አልነበረማ። አሁን ሥራው የድርጅቶችን ኮምፒውተር ከቤቱ ሆኖ መጠገን ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ይውላል፤ ጣራው ቢነቀል አይሰማም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ «ተራዬ ደረሰ» ብለው ይወጣሉ፤ መመለሻው ይጠፋቸዋል።

የታላቅ እህቱ ምክር አጭር ነበር።

«ቆልፍባቸው።»

«አባቴን እንደ ከብት አልቆልፍባቸውም።»

«እንግዲያው መኪና ሲገጫቸው አብረን እናለቅሳለን።»

ሽቦ በሩ ላይ መከፈቱን የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ገጠመና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። በሩ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ አንዲት ትእዛዝ ያስኬዳል፤ ትእዛዟም ስክሪኑ ጥግ ላይ «አባባ እየወጡ ነው» የሚል ማስታወቂያ ታወጣለች። ለሙከራ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዟን በእጁ ጻፋት። ማስታወቂያው ብቅ አለ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ አባቱ ከኋላው ቆመው።

«ሲወጡ ይነግረኛል አባባ።»

«አሳባቂ ቀጠርክብኝ በለኛ!»

እህትየዋ እንኳ ሳቀች። «ይሠራል» አላት። በሩን ከፍቶ ሳይሞክር ደንበኛ ደወለለትና ማዳመጫውን መልሶ ደፋ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስክሪኑ ላይ ምንም አልነበረም።

እሱና እህቱ አባታቸውን ያገኟቸው ድሮ ይሠሩበት በነበረው የአውቶቡስ ጋራዥ አጥር ሥር ወድቀው ነው። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ የአንድ እግር ጫማቸው የለም። የጋራዡ ጥበቃ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «መኪናዬን አምጡ እያሉ ሲጮኹብኝ ሰካራም መስለውኝ ገፋ አደረግኋቸው» አለ።

ሽቦ ስሕተቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ደንበኞቹን ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቃቸው ነገር ነው። ትእዛዟ በእጅ ስትጻፍ ጻፊው የተቀመጠበትን ስክሪን ታውቃለች። ማሽኑ ከጀርባ በራሱ ሲያስኬዳት ግን የማን ስክሪን ላይ እንደምትወጣ ካልተነገራት ድምፅ ሳታሰማ ትቀራለች። ያን ዕለትም ተነሥታ መውጫ አጥታለች። አንድ መስመር ጨመረላት። በሩን ከፈተ፤ ማስታወቂያው ወጣ። ዘግቶ ደግሞ ከፈተ፤ ወጣ።

«አሁን ይሠራል» አለ።

እህቱ የአባታቸውን ቁስል እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

«ያን ጊዜም ይሠራል ብለኸኝ ነበር።»

ሽቦ ተነሥቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ሽማግሌው ግንባራቸው በፋሻ እንደተጠመጠመ ኮታቸውን ለበሱ። የበሩን እጀታ ደጋግመው ጫኑት።

«ማነው የቆለፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ጎሽ ልጄ፣ ሌባ በዝቷል» አሉ። ከዚያ ወንበር ስበው በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እስኪከፈትላቸው።