ዓይኔን ሳልጨፍን፦ ከገላን አዳማ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከገላን ኮንዶሚኒየም የወጣነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና አባቴ። እኔ የምሄደው አዳማ ላይ ለሚካሄድ የቴኳንዶ ውድድር ነው። አባቴ ግን ውድድር ለማየት አልነበረም የመጣው።

ባለፈው ዓመት በእንዲህ ዓይነት ውድድር ላይ አንድ እርግጫ ጆሮ ግንዴን መታኝና ራሴን ስቼ ወደቅኩ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሎ ቢያሰናብተኝም ለወራት ልምምድ አቆምኩ። ስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ እግር ወደ ፊቴ ሲነሳ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል። አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ባለችው ጠባብ አዳራሽ የሚያሠለጥነን ማስተር ከማል፣ ቀን ቀን የቤት ዕቃ ሱቁ ውስጥ የሚውል ትዕግሥተኛ ሰው ነው። «ዓይንሽ ሲዘጋ እጅሽም አብሮ ይጠፋል» እያለ ደጋግሞ አሠራኝ። ልማዱ ግን አልለቀቀኝም።

አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ልወዳደር መሆኔን ስነግረው አኮረፈኝ። ኩርፊያው ሲበርድለት «እኔም እመጣለሁ» አለ።

«አባዬ፣ አንተ እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«ከወደቅሽ ይዤሽ እመለሳለሁ።»

ቃሊቲ መናኸሪያ

ማስተር ከማል ቀድሞን ደርሶ የመከላከያ ዕቃዎቼን የያዘውን ሻንጣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ያስጭን ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ እንኳን መጡ» አለው አባቴን። አባቴ ጨበጠውና «ልጄን አደራ» አለ። ረዳቱ «አዳማ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ቆየና ያ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ፣ ተጠጋግተን ወጣን።

በድሮው መንገድ ነው የሄድነው። እስከ ዱከም ድረስ ግራና ቀኙ ፋብሪካና መጋዘን ነው፤ ከፊታችን ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች እየተንፏቀቁ ያስጠብቁናል። ዱከም ላይ ሹፌሩ ለቁርስ አቆመ። አባቴ ሻይና ፓስቲ አዘዘ፤ አንዷ ፓስቲ ሃያ ብር መሆኗን ሲሰማ ቅንድቡን አነሳ። እኔ አልበላሁም።

«ቁርስ ሳትበይ ልትደበደቢ?»

«ሚዛን ላይ ልወጣ ነው አባዬ። ኪሎዬ ካለፈ አያስገቡኝም።»

አንዷን ፓስቲ በወረቀት ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተታት።

ከቢሾፍቱ ወዲያ ሜዳው ተከፈተ። የጤፍ አጨዳ ነበር፤ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ሞጆ ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ ሰው ሁሉ ሹራቡን አወለቀ። የእኔ እጅ ግን በረዶ ሆኖ ነበር። አባቴ አየኝና እጄን በሁለት መዳፉ መሃል አድርጎ እስከ አዳማ ሄደ።

አዳማ

አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው እንደ ምድጃ ይግላል። ሚዛኑን አለፍኩና ያቺን የቀዘቀዘች ፓስቲ በላሁ። ተጋጣሚዬ ከድሬዳዋ የመጣች፣ እግረ ረጅም ልጅ ነበረች።

በመጀመሪያው ዙር ሁለቴ ዓይኔ ተጨፈነ፤ ሁለቴም ነጥብ አገኘችብኝ። በዕረፍቱ ማስተር ከማል ውሃ እያጠጣኝ «እግሯን ተይው፤ ትከሻዋን እይ። ከእግሯ በፊት ትከሻዋ ይናገራል» አለኝ።

በሁለተኛው ዙር ትከሻዋን ማየት ጀመርኩ። አንዴ ሸሸኋት፣ አንዴም ሆዷ ላይ አገኘኋት። ከዚያ ግን ስትዞር ዘገየሁ። እግሯ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ፤ መከላከያ ቆቤ ተንጋደደና በጉልበቴ ተንበረከክኩ። ዳኛው ይቆጥር ጀመር። የፈራሁት ነገር ደረሰ ማለት ነው። ሆኖም ሁሉም ነገር ይታየኝ ነበር፤ የዳኛው ጣቶች፣ ቢጫው ምንጣፍ፣ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ያለው አባቴ። ይኸው ብቻ ነው እንዴ? አልኩ በልቤ። ተነሳሁና እጆቼን ከፍ አደረግኩ። ዳኛው ዓይኔን አይቶ «ቀጥሉ» አለ።

በቀረው ጊዜ ዓይኔ አልተጨፈነም። ደጋግሜ አገኘኋትና በአንድ ነጥብ አሸነፍኳት። ልጅቷ አቅፋኝ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ፤ «በጣም» አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛዋ ተጋጣሚዬ በሰፊ ልዩነት አሸነፈችኝ። በግልጽ ትበልጠኝ ነበር። ከምንጣፉ ስወርድ ግን ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ።

ከውድድሩ በኋላ ጥብስ እየበላን አባቴን ጠየቅኩት። «ስወድቅ ቆመህ ነበር። ለምን አልመጣህም?»

ጉርሻውን ዋጠ። «ልመጣ ነበር። ዓይንሽ ክፍት መሆኑን ሳይ ተቀመጥኩ።»

መመለስ

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ተመለሰ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ንፋሱን ጠጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ፍርሃቱ እስኪሄድልኝ ስጠብቅ ነበር የኖርኩት። ለካስ አይሄድም። አብሮኝ ተሳፍሮ አዳማ ደርሷል፤ ይዤውም ተጋጥሜያለሁ። ይህን ማወቄ ከሜዳሊያ በላይ አሳረፈኝ።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችን። ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች አየችው። ከዚያ እኔን ትታ ወደ አባቴ ዞረች።

«እውነቱን ንገረኝ። ወደቀች?»

«ወደቀች» አላት፣ ጫማውን እየፈታ።

«ከዚያስ?»

«ተነሳቻ!»