ላለቅስ ኮሶዬ ወረድኩ

ለምን ብቻዬን ተራራ እንደምወጣ የሚጠይቀኝ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ሐዘንተኛ ሆኖ ከርሞ አያውቅም።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ዳባት ያለው ቤታችን ሰው አልጎደለበትም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ወጉ ነው። አክስቴ አጠገቤ ትተኛለች፣ ጎረቤቶቻችን ሽንት ቤት ድረስ ይሸኙኛል። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ደግሞ አንዷ ትነሳና «በቃሽ፣ ፈጣሪን አታስቀይሚ!» ትለኛለች። ከቀብሩ ወዲህ እስኪወጣልኝ አላለቀስኩም። ካላለቀስኩ የማብድ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት አክስቴ ልትሳለም ስትሄድ ሹልክ ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ። ተራራማዋ ኮሶዬ ስንደርስ «ወራጅ!» አልኩ። ረዳቱ ጥቁር ልብሴን አይቶ «የሚቀበልሽ ሰው አለ?» አለኝ። «አዎ» ብዬ ዋሸሁ።

ወደ ገደሉ አፋፍ በሚወስደው የእግር መንገድ ገባሁ። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ብዙም ሳልርቅ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስቆም ይቆማል፣ ስፈጥን ይፈጥናል። ዞር ስል ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ሰው ነው። ጊዜው ክፉ ነው። ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም። ላመልጠው በአፋፉ ጥግ ጥግ መሮጥ ስጀምር ደረሰብኝና ነጠላዬን ጨምድዶ ያዘ።

«ልቀቀኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌ ናቸው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ።

«ተይ ልጄ፣ ስለ ወላዲተ አምላክ! ጥቁር ለብሶ፣ ብቻውን፣ ወደ ገደል የሚሄድ ሰው ምን ሊሆን ይሄዳል?»

«ኧረ አባቴ፣ ለመሞት አይደለም የመጣሁት! እናቴ ሞታብኝ ነው። ቤት ውስጥ አላስለቅስ ቢሉኝ እዚህ ላለቅስ መጣሁ።»

ነጠላዬን አልለቀቁም። ንድድ አለኝ። ጠባቂ ሸሽቼ መጥቼ እዚህም ሌላ ጠባቂ!

«እንግዲያው አልቅሺ» አሉኝ። «የእህቴን ልጅ እዚሁ ገደል ላይ ሳልደርስላት ቀርቻለሁ። አንቺን ግን ትቼ አልሄድም።»

የነጠላዬን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቀለሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሣሩ ላይ ዘፍ አልኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ከሆዴ ወጣ፤ ለራሴም የእኔ አልመሰለኝም።

የሽማግሌው ትከሻ ይርገፈገፍ ጀመር። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።